ያልተነፋላት ልጅ

ልጄን ሬዲዮ ላይ ባቀረቡት ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ትራምፔት መንፋት ከማን ተማርህ?» ይሉታል። «ከአባቴ። አባቴ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበር» ይላል። ጠያቂዎቹ ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ውሸት አይደለም። ግን የሚዘላት ነገር አለች፤ የሚዘላትም እናቱን ሰው ፊት ላለማዋረድ ነው። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ካገባሁ በኋላ። የዘለላትን ነገር ራሴ ልጻፋት ብዬ ነው ይህን የጀመርሁት።

ነገሩ አንድ ቃል ነው። ልጄ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ቃል ተናገርሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳልመልሰው ኖርሁ።

ባሌ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሥራው አናጢነት ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ሰው ሲያርፍ ግን ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ካፖርቱን ይደርብና ጡሩምባውን ከምስማሩ አውርዶ ይወጣል። በየመንገዱ መገናኛ ይቆምና ይነፋል። ሦስት ረጅም፣ አንድ ቁርጥ ያለ። ከዚያ ዝም ይላል። የምታስፈራው ያቺ ዝምታ ናት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየአልጋው ላይ ትንፋሹን ይዞ ስም ይጠብቃል። እኔም የነፊው ሚስት ሆኜ፣ ማን እንደሞተ አስቀድሜ እያወቅሁ፣ ያቺ ዝምታ ስትመጣ እንደማያውቅ ሰው ስሙን እጠብቅ ነበር። ከዚያ ባሌ የሟቹን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋል። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» ብሎ ወደሚቀጥለው መገናኛ ይሄዳል።

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበረ። ጡሩምባው ሰው ሳይሞት ከምስማሩ አይወርድም። አቧራውን እንኳ እዚያው እንደተሰቀለ ነው የምጠርግለት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባሌ አጣና ሊገዛ ሮብ ገበያ ወደምትባለው መንደር ሄዶ ነበር። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከባህር ዛፉ በኩል፣ ጡሩምባው ሲነፋ ሰማሁ። ሦስት ረጅም፣ አንድ ቁርጥ። መጀመሪያ ባሌ የተመለሰ መሰለኝ። ችግሩ ልጁ አሳምሮ መንፋቱ ነው። ባያውቅበት ኖሮ ሰው የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ በሳቀ ነበር።

ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። አንዷ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ፣ አንዱ ጉንጩን ግማሹን ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደሆነ። ጎረቤቴ፣ ያኔም ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት፣ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ ደረቷን ለመምታት እጇን አንሥታለች።

«ማን ነው? ማን አረፈ?» አለችው።

«ማንም አልሞተም እትዬ፤ እየሞከርሁት ነው» አላት።

«እየሞከርኸው! ሞት ይሞከራል እንዴ? እንግዲህ ጠርተኸዋል። የተጠራ እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም።»

ሰው እያጉረመረመ ገባ። እድሩም ባሌን ቀጣው። ዓመቱን ሙሉ ለቅሶ ባለበት ሁሉ የድንኳኑን ቋሚና አግዳሚ ወንበሩን በትከሻው እንዲያመላልስ ፈረዱበት። ባሌ ቅጣቱን ተቀበለ። ልጁንም አልመታውም። ከሮብ ገበያ እንደተመለሰ ሁሉንም ከነገሩት በኋላ፣ ራት ላይ፣ እንጀራውን እየቆረሰ፣ «ሦስተኛውን ትንሽ አሳጥረኸዋል አሉ» አለው። ልጄ ቀና ብሎ አየው። ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ እኔ ተቆጥቼ አስቆምኋቸው። ልጄ ከአባቱ ተማርሁ የሚለው ይህን ነው።

ከሱ በታች የአራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችን። ጡሩምባው ከመነፋቱ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ታስል ነበር። ይህን ደግሜ ልጻፈው፤ ከመነፋቱ በፊት ጀምሮ ነው። ባሌ «ጤና ጣቢያ ውሰጃት» ብሎኝ ነበር። እኔ «ጉንፋን ነው፤ ያልፋል» አልሁ። ጤና ጣቢያው ከቤታችን ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሰኞ ትንፋሿ መቆራረጥ ሲጀምር አዝዬ ሮጥሁ። ማክሰኞ ጠዋት አረፈች።

በእድራችን ደንብ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲሞት ጡሩምባ አይነፋለትም፤ ድንኳንም አይተከልለትም። ሕፃን መልአክ ነው፤ ለመልአክ አገር አይጠራም ይላሉ። አባቷ በነጠላ ጠቅልሎ ታቀፋት፤ አራት አምስት ወንዶች ተከተሉት፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ለስንቱ ሰው አገር የጠራው ጡሩምባ ለራሱ ልጅ ከምስማሩ አልወረደም።

ከቀብር ሲመለሱ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መግባትም መውጣትም አቅቶት። አየሁትና ያ ቃል ከአፌ ወጣ።

«አንተ ነህ ሞት ያመጣህባት» አልሁት።

አላለቀሰም። ወደ ባህር ዛፉ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበታ ሲቀርብ ጀርባውን ለጡሩምባው ግድግዳ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጥ። አባቱ ሁለት ሦስት ጊዜ «እዚህ ና» ብሎት ነበር፤ በኋላ ተወው። እኔ አንድ ጊዜም አላልሁትም። ቃሉን ብመልሰው ጥፋቱ ወደኔ ይመጣል። ያቺን ሩብ ሰዓት መንገድ ያልሄድሁት እኔ ነኝ። ይህን መሸከም ስለፈራሁ የዐሥር ዓመት ልጅ አሸከምሁት።

ከሦስት ዓመት በኋላ የባሌ ካልሲ መጥፋት ጀመረ። አንድ እግሩ ይኖራል፣ አንዱ የለም። የወጣት ማዕከሉ ውስጥ ከጦሩ ማርሽ ባንድ በጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ልጆች ያስተምሩ ነበር። ጎኑ የተጨረማመተ ትራምፔት ነበራቸው። ልጄ ተደብቆ እሳቸው ዘንድ ሲሄድ ዓመት ሞልቶታል። ትራምፔቱን ተውሶ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ይለማመዳል፤ እዚያም ሆኖ ድምፁ ወደ ሰፈር እንዳይደርስ የትራምፔቱን አፍ በአባቱ ካልሲ ይወትፈዋል።

ስደርስበት ወደ ካልሲው ጠቆምሁ። «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አልሁት።

«ጨርቅ ጎስጉሼበታለሁ እምዬ። ማንም አይሰማውም» አለኝ።

ማንም አይሰማውም ሲል ድምፁ እንደ ትልቅ ሰው ነበር። ትቼው ወደ ቤት ተመለስሁ። ሌላ እናት ብትሆን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብላ ትጮህ ነበር፤ ሰፈርተኛውም ያለው ይህን ነው። እኔ የፈራሁት ሌላ ስለነበረ ስድቡ አልታየኝም።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ልጄ ሲያወሩ የሚያደንቁት ያንኑ የታፈነ ድምፅ ነው አሉ። ትራምፔቱ አፍ ላይ ማፈኛ ያደርግበታል፤ ድምፁ ከሩቅ፣ ከጓዳ እንደሚመጣ ይሆናል። «ይህን ስልት ከየት አመጣኸው?» ይሉታል። ከአባቱ ካልሲ ነው።

የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ መጀመሪያ ወደቀ። ተመልሶ ዓመቱን ከአባቱ ጋር በር ሲልግ ከረመ። በሁለተኛው ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቱን የማውቀው በስልክ ነው። ሰርግ ላይ ነፋ፣ ሆቴል ውስጥ ነፋ፣ ዘፋኝ አጀበ። አንድ ጊዜ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሁለት ወር ሳይነፋ ቆየ፤ የነገረኝ ከዳነ በኋላ ነው። ከባሕር ማዶም ጠርተውት ሄዷል፤ አውሮፕላኑ አረፈ እስኪለኝ ድረስ ጾሜን ዋልሁ። እኔ ስደውል የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ «በላህ ወይ?» እና «ደረትህን አያምህም?»። ምን እንደሚነፋ ጠይቄው አላውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ «ጃዝ የሚሉት ምንድን ነው?» አልሁት።

«ሙሾ አውራጅ አይተሽ የለ እምዬ?» አለኝ። «አንዷ ግጥሙን ይዛ ትነሣለች። መሀል ላይ ያልታሰበ የራሷን ትጨምርበታለች። ሌላዋ ትቀበላታለች፤ እሷም የራሷን ታመጣለች። ግን ማናቸውም ከለቅሶው አይወጡም። እንደሱ ነው።»

«ታዲያ ሰው ለምን ያጨበጭባል?»

ሳቀብኝ።

ከጊዜ በኋላ የራሱን ባንድ አቋቋመ። ስምንት ናቸው። የባንድ መሪ ሲባል የሚያዝ፣ የሚቆጣ ይመስለኝ ነበር። እሱ እንደሚለው ግን ሥራው እንደ እድር ዳኛ ነው፤ ያረፈደውን ይቀጣል፣ የታመመውን ይጠይቃል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ስምንቱም ከአንድ ትሪ ካልበሉ አይነፋም። «የተኳረፈ ሰው አብሮ መንፋት አይችልም፤ ጆሮው ይደፈናል» ይላል።

አባቱ ያረፈ ጊዜ ልጄ ከአዲስ አበባ ደረሰ። በዚያን ጊዜ እድሩ ጡሩምባውን ትቶ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ማስለፈፍ ጀምሮ ነበር። የባሌ ጡሩምባ እድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድስቱና ከድንኳኑ ጋር ተቀምጧል። ልጄ ወደ እድሩ ዳኛ ሄዶ «ለአባቴ እኔ ልንፋለት» ብሎ ለመናቸው። ዳኛው ወደኔ ላኩት። እኔ «አይሆንም» አልሁ። ያን ሁሉ ዓመት ይቅርታ ነፍጌው፣ ያን ቀን ደግሞ ይህን ነፈግሁት። ለባሌ ባጃጅ ዞረለት።

ከዚያ አንድ ቀን የጎረቤቴ የልጅ ልጅ፣ አስተማሪ ናት፣ ስልኳን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ልጅሽን ላሳይሽ» አለችኝ። ልጄ ጥቁር ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ቆሟል። ትራምፔቱን ወደ አፉ አስጠጋ። ሦስት ረጅም፣ አንድ ቁርጥ። ሦስተኛው ትንሽ ያጥራል። ከዚያ ዝም። ከዚያ ከበሮው ገባ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ስልኩን አልጋው ላይ ጣልሁት።

«ምነው እትዬ? አልወደድሽውም?»

«እንዴት ያለ ሥራ ነው? የሞት ጥሪ ይነፋል፤ እነሱ ደግሞ ያጨበጭባሉ!»

ልጅቱ ዜማው በየዝግጅቱ መጨረሻ የሚነፋ፣ የታወቀ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ በነፋ ቁጥር አንድ ቦታ አንድ ሰው የሚሞት ይመስለኝ ጀመር። ከሁሉም በላይ ግን እሱ ራሱን የሚጠራ እየመሰለኝ እፈራ ነበር።

አምና ደወለና «ማርቆስ መጥተን ልናሳይ ነው፤ በከተማው አዳራሽ» አለኝ። ሁለት ፍርሃት ባንድ ጊዜ ገባብኝ። አንዱ መንገዱ ነው። በዚህ ጊዜ የዓባይ በረሃ መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉ ነገ ይዘጋል፤ ስልኩም ይጠፋል። ሌላው ያ ዜማ ነው። አዲስ አበባ የሰማው ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። እዚህ ግን የማያውቅ የለም። ሰው ፊት ሞት ጠራ ብለው ያንን የድሮውን ቃል መልሰው ይሉታል። ያ ቃል ደግሞ የኔ ነው።

ሐሙስ ይደርሳሉ ተብሎ ሐሙስ አልመጡም። ስልክ አይሠራም። ከበሩ ላይ ሳልነሣ ዋልሁ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አቧራ የለበሰ ሚኒባስ ደጄ ቆመ። ሉማሜ ላይ መንገድ ተይዞ እዚያው አድረው ነው። ስምንቱም ከነመሣሪያቸው ወረዱ። ከበሮ መቺው ግዙፍ ሰው ነው፤ በበሩ አጎንብሶ ገባና ጉልበቴን ሊስም ወረደ።

«ማዘር፣ ልጅሽ ጨርሶናል። ሉማሜ ሻይ ቤት ቁጭ አድርጎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለማምደን ነው ያደረው። ባለቤትየዋ በመጨረሻ ‹ሻይ በነጻ ልስጣችሁና ዝም በሉ› አለችን» አለኝ።

ሳቅሁ። ከበሉ በኋላ ልጄን ወደ አጥሩ ጠራሁት።

«ያን የመጨረሻውን ዜማ እዚህ እንዳትነፋው» አልሁት።

«የቱን?»

«የአባትህን ጥሪ።»

ወደኔ ዞረ። «ሰምተሽዋል እንዴ?»

«ሰምቼዋለሁ። ለአዲስ አበባ ሰው ጨዋታ ነው። እዚህ ግን የሰው ሞት ነው።»

«ጨዋታ አይደለም እምዬ» አለኝ። ከአጥሩ እንጨት ላይ ልጣጭ እየላጠ ነበር የሚናገር። «እህቴ ሳይነፋላት ቀረች። ለሁሉም ሰው ተነፋ፤ ለአባዬም ባጃጅ ዞረለት። ለእሷ ምንም። ልጅ ሆኜ እሱ ነበር የሚከነክነኝ። አሁን በሄድሁበት እነፋላታለሁ። ዝም የምልበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ላይ ስሟን በሆዴ እጠራለሁ። ከዚያ ከበሮው ይገባል።»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ልጄ ጥሪውን የሚነፋ በኔ ቃል ተቀይሞ ይመስለኝ ነበር። የእህቱን ዕዳ ሲከፍል ኖሯል። ስለዚያ ቃል ግን ትንፍሽ አላለም፤ እኔም አላልሁም። መናገር የነበረብኝ እዚያ ነበር።

«እምቢ ካልሽ እንተወዋለን» አለኝ። «እሺ ካልሽ ግን ንገሪኝ። አንቺ ሳትፈቅጂ እዚህ ከተማ አልነፋውም።»

ከብቶች መጡና አጥሩን ተጠጉ፤ እነሱን ላባርር ብዬ ሳልመልስለት ሄድሁ።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሆነ ዝግጅቱ፤ ሰው በብርሃን ወደ ቤቱ እንዲገባ። አዳራሹ ሞላ። ግማሹ ወጣት ነው፤ ግማሹ የነፊው ልጅ መጣ ተብሎ የመጣ የእድራችን ሰው ነው። የእድሩ ዳኛ ያኔም ዳኛ የነበሩት ናቸው፤ ከፊት ወንበር ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀመጡ። ጎረቤቴን የልጅ ልጇ ደግፋ አመጣቻት። እኔ ከዳኛው ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ነበርሁ።

ልጄ ትራምፔቱ ላይ ማፈኛውን አድርጎ ጀመረ። እየነፋ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጉንጩ ያብጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ግራ እግሩ ይርገበገባል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር። አንዱ ሲነፋ ሰባቱ ያዳምጡታል፤ ሌላው ሲቀበል እሱ ወደ ጥግ ሄዶ ይቆማል፤ መሪው እሱ መሆኑን ትረሳዋለህ። ጠፍቶበት የተደናበረ ሲኖር በዓይኑ ይመልሰዋል። ሙሾውን እንደነገረኝ አድርጌ ስሰማው ገባኝ። ሁሉ ባይሆንም ብዙው ገባኝ።

ወደ መጨረሻው ላይ ቆመና ወደኔ አየ። ሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። እሺ ብል ሞት የምጠራ ይመስለኛል፤ እምቢ ብል ልጄን ዳግመኛ በሩ ላይ አቁሜው ልቀር ነው። ከዚያ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁት። ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው አድርጌ መልሼ ለበስሁት።

ልጄ አየኝ። ማፈኛውን ከትራምፔቱ አፍ ላይ አውጥቶ ለከበሮ መቺው አቀበለው።

ከዚያ ነፋ። ምንም ያልተወተፈበት፣ ግልጥ ያለ ድምፅ ነው። ከባህር ዛፉ በኩል ከሰማሁት ወዲህ ከልጄ ሰምቼው የማላውቀው። ሦስት ረጅም፣ አንድ ቁርጥ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ማንም ሳያዛቸው ብድግ አሉ። ወንዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሴቱ ነጠላውን ገለበጠ። ወጣቶቹ ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር አሉ። ያቺ ዝምታ መጣች። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ስም ይጠብቃል። ከበሮ መቺው እንደለመደው ዱላውን አነሣ፤ ልጄ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

ተነሣሁ። የሴት ልጄን ስም ጠራሁ። የማን ልጅ እንደሆነች ጠራሁ። «አርፋለች» አልሁ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ያን ቀን የሰማ ሰምቷል።

ድምፄ ግን ከፊት ወንበር አልደረሰም።

«አልተሰማም! ጮክ በይ!» አሉ ዳኛው ሳይዞሩ፤ ለነፊው ሁሉ እንደሚሉት።

ደግሜ ጠራሁ። የቻልሁትን ያህል ጮህሁ። ከበሮው ገባ፤ ሌላውም ተከተለ። ማንም አላጨበጨበም። ከአዳራሹ ስንወጣ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ትከሻዬን እየነካ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በሩ ተንኳኳ። ዳኛው ናቸው። ከኋላቸው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፤ ሴቶቹ አገልግል ይዘዋል።

«ምነው በደኅና?» አልሁ።

«ትናንት ተነፋ፤ ሰማን። የሰማ ሰው ለቅሶ ይደርሳል» አሉ ዳኛው። «ደንቡ ለሕፃን አይነፋም ይላል እንጂ ከተነፋ በኋላ አትድረሱ አይልም።»

የባንዱ ልጆች መሬት ላይ ተኝተው ነበር፤ ፍራሹን አጥፈው ለለቀስተኛው ቦታ ለቀቁ። ከበሮ መቺው «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ በሹክሹክታ ሲጠይቅ ሰማሁት፤ ልጄ «እህቴ» አለው፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ልጄ ማስታጠቢያውን ይዞ ለእንግዳው ውሃ ያቀርብ ጀመር።

ጎረቤቴ ጥጉን ይዛ ተቀምጣለች። አርጅታለች፤ ምላሷ ግን አላረጀም። ራሷን እየነቀነቀች፣ «ያኔም ብያለሁ። እሱ ጡሩምባውን በነፋ በሦስተኛው ቀን ነው ክፉው የገባ» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ልጄ ዞረ። ያ ቃል መጣ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኔው ቤት፣ ልጄ ማስታጠቢያ ይዞ ቆሞ ሳለ። እንደ ድሮዬ ላልፈው ቃጣኝ። ከዚያ ግን ተናገርሁ።

«እትዬ፣ ልጄን የገደላት ሳል ነው። ሳሉ ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት የጀመረ ነው። አባቷ ጤና ጣቢያ ውሰጃት ሲለኝ ጉንፋን ነው ያልሁት እኔ ነኝ። ሞት ያመጣህባት አንተ ነህ ብዬ ልጄን የተናገርሁትም እኔ ነኝ። አንድ ሕፃን ልጅ በሩ ላይ አቁሜ የተናገርሁት። ቃሉ ሐሰት ነው፤ ዛሬ ሰው ፊት መልሼዋለሁ።»

ልጄ የዳኛውን እጅ ያስታጥብ ነበር። ውሃው መፍሰሱን አላቆመም፤ ከእጃቸው አልፎ ጫማቸው ላይ ወረደ።

«ልጄ፣ እጄን አልሁህ እንጂ መች ጫማዬን አልሁህ?» አሉት ዳኛው።

«ይቅርታ አባቴ» አለና ማስታጠቢያውን አስቀምጦ ወጣ። ወደ ባህር ዛፉ ነው የሄደው። ልከተለው ተነሣሁ፤ ጎረቤቴ ነጠላዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ተዪው። እኔም ብሆን ምላሴን መያዝ ይገባኝ ነበር» አለች፤ ዓይኗን እየጠረገች።

አገልግሉ ተከፍቶ ሰው መብላት ሲጀምር ልጄ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ። ከበሮ መቺው ቦታ ሊለቅለት ተጠጋ። ልጄ አልፎት ሄደና ከማዶ፣ ከኔ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ጀርባውን ይሰጠው የነበረው የጡሩምባው ባዶ ምስማር ፊት ለፊቱ ነው።